የሀምዲ ፍሪጅና የጉናጋዶ ፀሐይ

ዶክተር ሀምዲን የሚያውቋት የጅግጅጋ ሰዎች በሥራዋ አያሟትም። በትዕግሥቷ ግን የሚያመሰግናት ሰው አላጋጠመኝም። ነገር ሲበላሽባት አትጮህም፤ ሻሿን ከግንባሯ ገፋ ታደርግና "አላህ ትዕግሥቱን ይስጠኝ" ትላለች። ይቺን ቃል የሰሙ የሥራ ባልደረቦቿ አንድ የረሱት ጉዳይ ትዝ እንዳላቸው ሁሉ ከክፍሉ ውልቅ ይላሉ።

የእንስሳት ሐኪም ናት። አባቷ ጅግጅጋ ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የከተማው አስተማሪም፣ ወታደሩም፣ ነጋዴውም ሱሪውን የሚያሳጥረው እሳቸው ዘንድ ስለነበር፣ ሀምዲ አማርኛን ከሶማሊኛ እኩል የለመደችው ከስፌት መኪናው አጠገብ ቁጭ ብላ ነው። አሁን አርባን ተሻግራለች። በጋ በገባ ቁጥር ከክትባት ቡድኗ ጋር ወደ አርብቶ አደሩ ትወርዳለች። እዚያው ድንኳን ተክላ፣ ፍየልና በግ ስትከትብ ትሰነብታለች።

የዚህ ሥራ ጣጣው መርፌው አይደለም፤ ቅዝቃዜው ነው። ክትባቱ ከሞቀ አለቀለት። ለቅርብ መንገድ የበረዶ ሣጥን ይበቃል። ከደገሃቡር አልፎ ወደ ጉናጋዶ ገጠር ለሚገባና እዚያ ለሚሰነብት ግን በረዶው ውሃ ይሆናል፣ ውሃውም ለብ ይላል። ስለዚህ ፕሮጀክቱ በመኪና ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፍሪጅ ሰጣቸው። ፍሪጁ ግሩም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የላንድክሩዘሩን ባትሪ ሲመጥ ያድራል፤ ጧት ደግሞ መኪናው አልነሳም ይላል። ያን ዓመት ሀምዲ፣ ከታቢው ማሃድና ሾፌሩ ተክለማርያም መኪና በመግፋት ከክትባቱ እኩል ተካኑ። የግመል ጠባቂዎችም መኪናዋን ከሩቅ ሲያዩ ሽርጣቸውን አጥብቀው መምጣት ለመዱ። ሊገፉ ነው።

ሀምዲ በ2016 ዓ.ም. በጋው ከመክረሩ በፊት ሶላር ይገዛልኝ ብላ ጠየቀች። የምትፈልገውንም ለይታ ተናገረች፤ ባለመስታወቱን፣ ቤት ጣሪያ ላይ የሚሰቀለውን ዓይነት። ጥያቄዋ ቢሮ ለቢሮ ሲዞር ሰነበተና አንድ ቀን ይሁን የሚባለው የግዢ ሠራተኛ ፊቱ በፈገግታ ተሞልቶ ገባ። በትከሻው ጥቁር ቦርሳ አንጠልጥሏል።

"ዶክተር፣ ሶላሩ ተገዛልሽ!"

"የታል?"

"ይኸው!" ብሎ ቦርሳውን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋው። እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፍ የሸራ ነገር ነው። "አንጠልጥለሽው ትሄጃለሽ፣ ስትጨርሺ ታጥፊዋለሽ። ሸክም የለ፣ መሰበር የለ።"

"ይሁን፣ እኔ የጠየቅኩት ባለመስታወቱን ነው።"

"እሱማ መቶ ሃምሳ ዋት ብቻ ነው። ይሄ ሁለት መቶ ነው፤ እዚህ ጋ ተጽፏል። በዚያ ላይ ይረክሳል። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቤ ነው ያሸነፈው።"

ሀምዲ ሸራውን በእጇ ለካችው። "እስቲ ንገረኝ፤ ይቺ ሻሽ የምታህል ነገር ከዚያ በር ከሚያህለው መስታወት እንዴት ትበልጣለች?"

"ቴክኖሎጂ ነዋ!"

"አላህ ትዕግሥቱን ይስጠኝ።"

ይሁን ያልጠራ ስልኩን አንስቶ "አቤት" እያለ ወጣ።

ጥር ላይ ወረዱ። የሰፈሩት ከጉናጋዶ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ብርካ ከሚባለው የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ አጠገብ ነው። አካባቢው ሜዳ ነው። አንድ ትልቅ ግራር አለ፣ ሌላው ቁጥቋጦ ነው። በጋው የጠናበት ሁሉ ወደዚያ ብርካ ፍየሉን ይነዳል። ከሁሉም ብዙ ፍየል ያላቸው ሻሚስ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ፤ ከሲታ፣ ቀጥ ያሉ፣ ቀልደኛ። ሀምዲ እንደ አክስት "ኤዶ" ትላቸዋለች።

ገና ከመኪናው ሳይወርዱ ጠቡ ተጀመረ። ተክለማርያም ከሐረር ጅግጅጋ፣ ከጅግጅጋ ጎዴ ሲነዳ ያረጀ ሾፌር ነው፤ ሶማሊኛውን ያገሩ ሰው ሳይቀር ያደንቅለታል። አንድ እምነት አለው፤ መኪና የሚቆመው ጥላ ውስጥ ነው። ላንድክሩዘሩን እየነዳ ቀጥ ብሎ ግራሩ ሥር ገባ።

"ጋሽ ተክሌ፣ እባክዎ ወደ ፀሐዩ ያውጡልኝ። የሶላሩ ገመድ ክንድ አይሞላም፤ ከመኪናው ርቆ አይቀመጥም።"

"ፀሐይ ላይ ካቆምኩት መኪናው ምድጃ ይሆናል። ፍሪጁ እኮ ውስጥ ነው ያለው። ምድጃ ውስጥ የተቀመጠ ፍሪጅ ምን ያቀዘቅዛል?"

"ጥላ ውስጥ የተቀመጠ ሶላርስ ምን ያመነጫል?"

"ልጄ፣ የግራር ጥላ እኮ ወንፊት ነው፤ ፀሐዩ በመሃል በመሃል ይገባል።"

ተክለማርያም ሲረጋጋ "ዶክተር" ነው የሚላት፤ "ልጄ" ያላት እንደሆነ ተናዷል ማለት ነው። ሀምዲም ጉዞው ገና ስለሆነ ልታስቀይመው አልፈለገችም። ሶላሩን ኮፈኑ ላይ ዘረጋችው። ግማሹ ፀሐይ ካገኘ ግማሽ ጉልበት ይሰጣል ብላ አስባ ነበር። አይሰጥም። ሶላር እንደዚያ አይደለም፤ አንድ ቅርንጫፍ ጥላውን ካሳረፈበት ፀሐይ ያገኘውም ክፍል አብሮ ይለግማል። ይህን ግን ያን ቀን አላወቀችም። ኮፈኑም ከሞተሩ ሙቀት የተነሳ እጅ አያስነካም ነበር፤ ያም ሶላሩን አዳከመው።

በማግስቱ እሷ አሸነፈችና መኪናው ፀሐይ ላይ ዋለ። የመኪናው ውስጥ ነደደ። ፍሪጁ እንደ ታመመ ሰው ሲያቃስት ዋለ። ከሰዓት በኋላ ተክለማርያም እሷ ስትከትብ ጠብቆ መኪናውን ወደ ጥላ መለሰው። እሷ አይታ አስወጣችው። ሰዎቹ በጎቻቸውን ይዘው ተራ እየጠበቁ መኪናዋ ወዲያና ወዲህ ስትል በአድናቆት ይመለከታሉ።

"መኪናዋ ምን ሆና ነው?" ሲሉ አንድ ሽማግሌ ማሃድን ጠየቁት።

"ማደሪያ አልተስማማትም" አላቸው ማሃድ።

ማሃድ ደግ ልጅ ነው፤ ደግነቱ ግን ሀምዲን ያሳብዳታል። ሸራው ጫፍ ላይ ስልክ የሚሞላበት ቀዳዳ ነበረው። መጀመሪያ አንድ ሰው ስልኩን ይዞ መጣ፤ ማሃድ ሰካለት። ወሬው ከብርካው ወደ ሰፈሩ፣ ከሰፈሩ ወደ ግመሎቹ ደረሰ። ሀምዲ ምሳ በልታ ስትመለስ ኮፈኑ ላይ ስልክ እንደተሰጣ እህል ተዘርግቷል። ባለቤቶቹ በግራሩ ሥር ተጋድመው ይጠብቃሉ።

"ማሃድ! ይሄ ምንድን ነው?"

"ዶክተር፣ ሰዎች ናቸው እኮ። እምቢ ልበላቸው?"

"አዎ! እምቢ በላቸው! ይሄ ጉልበት ራሱ ለፍሪጁ አልበቃም!"

"እነሱ እኮ ውሃ ሰጥተውናል።"

ሀምዲ የተሰካው እስኪሞላ ድረስ ብላ ተወችው። ያኔ ነፋሱ ተነሳ። የጉናጋዶ የበጋ ነፋስ ሲመጣ አያስጠነቅቅም፤ ሸራውን ከኮፈኑ ላይ አንስቶ፣ ስልኮቹን በትኖ፣ እንደ ሻሽ እያንከባለለ ወደ ፍየሎቹ ይዞት ሄደ። ማሃድና ባለስልኮቹ ተከተሉት። ሲደርሱበት አንዲት ፍየል ጥጉን በእርጋታ እያኘከች ነበር።

ከዚያ በኋላ ፍሪጁ ጲጵ ይል ጀመር። የመኪናው ባትሪ እንዳይሞት ብሎ ራሱን ሲያጠፋ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ሀምዲ ታጠፋዋለች፣ ታበራዋለች፤ ትንሽ ይሠራና ጲጵ ይላል። ተክለማርያም ነዳጅ እየፈጀ ሞተሩን አስነስቶ ባትሪውን ሊሞላላት ሞከረ፤ የያዙት ነዳጅ ደግሞ ለመልሱ ጉዞ የሚሆን ብቻ ነው። አንድ ጧት ሀምዲ ክዳኑን ከፍታ የውስጡን ቴርሞሜትር አየችው። ዘጋችው። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብላ እንደገና ከፈተችው። ቁጥሩ ከጠርሙሶቹ ማሸጊያ ላይ ከተጻፈው በጣም የራቀ ነበር፤ ውስጡ የሰው ትንፋሽ ያህል ሞቋል።

ማሃድ በጎኗ መጥቶ አየና በሹክሹክታ፣ "ብንከትባቸውስ?" አለ። "ሰዎቹ እኮ ከሩቅ ነው የመጡት። ምናልባት ጥቂቱ ይሠራ ይሆናል።"

"ምናልባት ብለን ወግተን ፍየሎቹ ቢሞቱ፣ በሚመጣው ዓመት ማን ያምነናል? እኔስ ምን ብዬ እመጣለሁ?"

ክትባቱ የሚከላከለው በሽታ ስሙ ደስታ መሰል በሽታ ነው። ደስታ የሚለው ስም እንዴት እንደተሰጠው አላህ ይወቀው። የፍየሉ ዓይንና አፍንጫ ይዝረከረካል፣ አፉ ይቆስላል፣ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያም በረቱ ይራቆታል። ሀምዲ ይህን በዓይኗ አይታዋለች። ወደ ሻሚስ ሄደች። ባልቴቷ ፍየሎቻቸውን በእሾህ አጥር ውስጥ ከተው ከጧት ጀምሮ ይጠብቃሉ።

"ኤዶ፣ ዛሬ አንከትብም።"

"ለምን?"

"ክትባቱ ሞቀ። የሞቀ ክትባት ከውሃ አይሻልም።"

ሻሚስ መኪናውን አዩ፣ እሷን አዩ። "እንግዲያ መድኃኒታችሁ ከፍየሎቼ ቀድሞ ታመመ በዪኛ።"

ተሰብስቦ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ማሃድም ፊቱን አዙሮ ሳቀ። ሀምዲ አልሳቀችም። ጠርሙሶቹን በአንድ ጉድጓድ አስቀበረችና ድንኳኑን አፈረሰች።

በመልሱ መንገድ ደገሃቡር ሲደርሱ ተክለማርያም ጉሮሮውን ጠረገ።

"ጥላ ውስጥ በዋለበት ቀን እኮ ትንሽ—"

"ጋሽ ተክሌ፣ በአላህ!"

"ዝም ብያለሁ።"

ጅግጅጋ እንደደረሱ ቤቷ እንኳ አልገባችም። ሸራውን አንጠልጥላ፣ ከቢሮው ኤሌክትሪሺያን የተዋሰችውን የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ቴስተሩን፣ በቦርሳዋ ይዛ፣ ወደ ሳቢር ሱቅ ሄደች። ሳቢር ድንበር ላይ ባለችው በውጫሌ በኩል የሚገባውን የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ ሶላሮቹን እንደ ስጋጃ ግድግዳው ላይ አስደግፎ ይደረድራቸዋል።

"ይሄ ሁለት መቶ ዋት ነው ብለህ ለቢሯችን ሸጠሃል።"

"እኔ አላልኩም ዶክተር። እሱ ራሱ ላይ ተጽፏል።"

"ጽሑፉን አይቼዋለሁ። ጽሑፍ ፍሪጅ አያቀዘቅዝም።"

"ወላሂ፣ ብዙ ሰው ወስዶ አመስግኖኛል።"

"ና፣ ውጣ። ፀሐዩ አናት ላይ ነው።"

ሱቁ በራፍ ላይ ሸራውንና አንድ ባለመስታወት ፓኔል ጎን ለጎን አስቀምጣ በቴስተሩ ትለካ ጀመር። ጅግጅጋ ውስጥ ሰው አንድ ነገር ሲለካ ብቻውን አይተውም። ከባጃጁ ወረዱ፣ ከሻይ ቤቱ ወጡ። ሁሉም የሶላር ሊቅ ነው።

"ሰማያዊው ነው የሚሻለው፤ ጥቁሩ ሙቀት ይውጣል" አለ አንዱ።

"የለም፣ ጥቁሩ ነው! የአጎቴ ቤት ጥቁር ነው።"

"በለስላሳ መጠጥ ብታጥቢው ያበራል።"

"ሶላር እኮ ሲሞቅ ነው የሚሠራው። ሥሩ ድንጋይ አግላችሁ ብታስቀምጡለት—"

"ሲበራለት እንጂ ሲሞቅማ አይደለም!" አለች ሀምዲ ቀና ሳትል። "ሲሞቅ ይደክማል። እንደኔ።"

የቴስተሩን ቁጥር ለሕዝቡ አሳየች። ሸራው ከተጻፈበት ግማሹን እንኳ አልደረሰም። ባለመስታወቱ ከተጻፈበት ብዙም አልጎደለም። ሳቢር አላፈረም፤ "ታዲያ እኔ አልጻፍኩት፣ ቻይና ነው የጻፈው" አለ። ግን ሰው ተሰብስቧል፤ ከተሰበሰበውም ውስጥ ሊገዙ የመጡ አሉ። ዓይኑ እያየ ገበያው ሊቀዘቅዝበት ሆነና ልቀይርልሽ አለ።

መቀየሩም ራሱ ትግል ነበር። የመጀመሪያው ፓኔል ጥጉ ተሰነጣጥቋል። "አይታይም እኮ" አለ ሳቢር። ሁለተኛው ከጓደኞቹ እኩል ዋት ተጽፎበት በቁመት ግን ያንሳል። "ይቺ ጎበዝ ናት፣ ትንሽ ሆና ነው የምትሠራው" አለ። ሀምዲ በስፋቱ የማያታልላትን፣ ስታነሳው የሚከብዳትን፣ ቴስተሩም የመሰከረለትን አንዱን መርጣ እዚያው ላዩ ላይ እጇን ጭና ቆመች። ከእሱ ጋር ባትሪ ወሰደች፤ የፍሪጁ የራሱ የሆነ፣ ከመኪናው ጋር የማይነካካ፣ መኪናውንም አልነሳም የማያሰኝ። በሁለቱ መሃል ሆኖ ባትሪው ከልኩ በላይ እንዳይሞላ የሚጠብቀውንም ትንሽ ሣጥን፣ ኮንትሮለሩን ወሰደች።

በመልሱ መንገድ ደግሞ የተክለማርያምና የእሷ ጠብ ሲከነክናት ነበር። ፍሪጅ ጥላ ይፈልጋል፤ ሶላር ፀሐይ ይፈልጋል። ሁለቱ ተራርቀው ቢቀመጡ ማን ይከለክላል? ረጅም ገመድ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ይህን ስትነግረው ተክለማርያም አሰበና፣ "እና ለምንድን ነው የተጣላነው?" አላት።

ገመዱን ያ የግዢ ሠራተኛ፣ ይሁን፣ ጥፋቱን ሊክስ ብሎ ራሱ ፈጠን ብሎ ገዛው። አንድ ጥቅል፣ ረጅም፣ ነጭ። ሀምዲ ርዝመቱን አይታ ደስ አላት። ቀጭንነቱን ግን ልብ አላለችም።

አዲስ ክትባት ይዘው ለሁለተኛ ጊዜ ሲወርዱ ጉናጋዶ ከተማ ላይ ወሬ ጠበቃቸው፤ ከብርካው ወዲያ ካለ ሰፈር ፍየሎች ዓይናቸው እየፈሰሰ መሞት ጀምረዋል። ሀምዲ ሻይ እንኳ ሳትጠጣ ጉዞ አለች። ሻሚስ ከእሾህ አጥራቸው ወጥተው ተቀበሏት።

"መድኃኒቱ ተሻለው?"

"ተሽሎታል ኤዶ። ኢንሻ አላህ።"

በዚህ ጊዜ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቷል። ተክለማርያም መኪናውን በክብር ግራሩ ሥር አስገባና ሞተሩን ሲያጠፋ ፈገግ አለ። ፓኔሉን ራቅ አድርገው ሜዳው ላይ፣ ወደ ፀሐዩ አዘንብለው በድንጋይ አስደገፉት። ለነፋሱ በገመድ ወጠሩት፤ ለፍየሎቹም ዙሪያውን የእሾህ አጥር ሠሩለት። ማሃድ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገ። ነጩ ገመድ ከሜዳው እስከ መኪናው ድረስ ተዘረጋ። ጧቱን ሙሉ ከተቡ፤ ሰው ተደሰተ፣ ሀምዲም አንድ ጊዜ ስትስቅ ታይታለች ይባላል።

ፀሐዩ አናት ላይ ሲወጣ፣ ከሁሉም በሚበረታበት ሰዓት፣ ፍሪጁ ጲጵ አለ።

ሀምዲ መርፌዋን አስቀመጠች። ወደ መኪናው ሄደች። ፍሪጁን አየችው። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ወረወረችው። በማን ላይ እንደወረወረችው ራሷም አታውቅም፤ ጫማው በተክለማርያም አጠገብ አልፎ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ።

"ምን አጠፋሁ እኔ?" አለ ተክለማርያም።

"እርስዎ አይደሉም! ይሄ ፀሐይ! አዩት? ከአናታችን አልወርድ ብሎ ይጠብሰናል፣ ቆዳችንን ይልጣል፣ ሣሩን ይጨርሳል፣ ብርካውን ያደርቃል፤ አንዲት ፍሪጅ አብርድልኝ ስትለው ደግሞ የለም! የት ነው የሚሄደው? የት ነው የሚገባው?"

መሬት ላይ ቁጭ አለች። ማንም አልቀረባትም። ትንሽ እንደቆየች፣ የመጨረሻው ጥያቄዋ ለራሷ ተመልሶ መጣባት። እውነት የት ነው የሚገባው? በአንድ እግሯ ጫማ ተነሳች፤ ቴስተሩን ይዛ ፓኔሉ ጋ ሄዳ ለካች። ጉልበቱ ሙሉ ነው። ተመልሳ ባትሪው ጋ፣ ገመዱ በሚያልቅበት ለካች። ሲደርስ ተመናምኗል። ጎንበስ ብላ ገመዱን ጨበጠችው። በፀሐዩ ብቻ ያልመጣ ሙቀት ነበረው።

"መንገድ ላይ ነው የሚቀረው" አለች። "ገመዱ ቀጥኖበት ነው። ይሄ ለአምፖል የሚሆን ገመድ ነው። ጋሽ ተክሌ፣ ቢላዋ!"

"ልትቆርጪው?"

"እኩሌታው ላይ።"

ተክለማርያም ቢላዋውን ሰጣትና ራሱም ፒንሳ ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ። ረጅሙን ገመድ ቆርጠው አንዱን ከሌላው ደረቡት፤ አጭር ግን ወፍራም ሆነ። ከእንግዲህ ፓኔሉ ወደ ሜዳው ሩቅ አይሄድም፤ ከግራሩ ጥላ ጫፍ ላይ ነው የሚቆመው። ጥላው ሲንቀሳቀስ ከነእሾህ አጥሩ እየተነሳ መዛወር አለበት፤ ያን ያህል መጎተት ሀምዲን ሲያናድዳት ሰነበተ። ፍሪጁ ግን ጲጵ ማለቱን ተወ። ቅዝቃዜው እስኪመለስ ድረስ ፍሪጁ ውስጥ የከተቷቸው የበረዶ ከረጢቶች ክትባቱን ደግፈውት ነበር፤ ክትባቱ ሳይበላሽ ቴርሞሜትሩ ወደ ልኩ ተመለሰ።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ሻሚስ ስልካቸውን ይዘው መጡ።

"ልጄ፣ ይቺን ትንሽ ሙዪልኝ።"

ሀምዲ እጇ ላይ የደረቀ ደም አለ፤ ጉልበቷም የለም። "ኤዶ፣ እርስዎም? መጀመሪያ ፍሪጁ ይጥገብ። ነገ።"

"ነገማ ጉሃድ ይደርሳል።"

"ማነው ጉሃድ?"

"ወንድሜ ነዋ። ከወዲያኛው ሰፈር ፍየሎቹን ወደዚህ ብርካ እየነዳ ነው። እዚያ መሞት ጀምረዋል፣ ወደ አንቺ ላምጣቸው ብሎኝ ነበር።"

ክትባቱ ገና ሥራውን አልጀመረም፣ በሽታው ደግሞ በእግሩ እየመጣ ነው፤ ሀምዲ ተነስታ ስልኩን ከእጃቸው ነጠቀችው። በራሷ እጅ ሰካችው። ማያ ገጹ እንደበራ ሻሚስ ደወሉ፤ የተነጋገሩትን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

"ጉሃድ! ቁም! እዚያው ቁም! ... ፍየሎችህን አታምጣብኝ! ... አዎ፣ እህትህ ነኝ! እህት ስለሆንኩ ነው የምልህ! ... ውሃ በግመል እልክልሃለሁ! ... ምን? ክብርህ ይነካ እንጂ ፍየሎቼ አይነኩ!"

ጉሃድ ተቆጥቶ ቆመ። ሀምዲና ቡድኗ የብርካውን ፍየሎች ከትበው ሲጨርሱ ወደሱ ሄዱ። የታመሙት ከጤነኞቹ ተለዩ፤ ጤነኞቹ ተከተቡ። የእሱ መንጋ ሙሉ በሙሉ አልተረፈም። ከተከተቡትም ውስጥ በሽታው አስቀድሞ ገብቶባቸው የነበሩት ሞቱ፤ ሀምዲ ይህ ሊሆን እንደሚችል ነግራው ነበር፣ ነገር ግን መንገሩ ለሬሳው አይረዳም። ጉሃድ እያንዳንዷን በስሟ እየጠራ ቀበራት። ሀምዲ አጠገቡ ቆማ ነበር። ባለፈው ጉዞ ሸራው ባይሆን ኖሮ እነዚህም ክትባቱ በጊዜ ይደርሳቸው ነበር ብላ አሰበች፤ ማንንም ግን አልወቀሰችም። የመውቀስ ጉልበቷም አልቆ ነበር።

የሻሚስ በረት ግን በሽታው ሳይገባበት አለፈ።

የሚያዝያው ዝናብ ዘንቦ አገሩ አረንጓዴ ከለበሰ በኋላ፣ አንድ ቀን ጅግጅጋ ውስጥ ሀምዲ ተከራይታ ከምትኖርበት ግቢ በር ላይ አንድ አይሱዙ ጥሩንባ ነፋ። ሾፌሩ ወርዶ አንዲት ነጭ ጥገት ፍየል ከነግልገሏ ከጭነቱ ላይ አወረደ። "ከኤዶ ሻሚስ ነው" አለና የገመዱን ጫፍ አስጨብጧት ሄደ። የግቢው ባለቤት ሳብሪን ልትስቅ ወጣች፤ ፍየሏ እሷ ያሰጣችውን መጋረጃ መብላት ስትጀምርባት ሳቋን አቆመች።

ሀምዲ ደወለች። "ኤዶ፣ ምን አድርገው ነው? እኔ እኮ ከተማ ነው የምኖረው!"

"ታዲያ የከተማ ሰው ወተት አይጠጣም?"

"ሣር የለኝም! ግቢው ሲሚንቶ ነው!"

"ካርቶን ትበላለች፤ አትጨነቂ።"

"የሰው መጋረጃ ነው እየበላች ያለችው!"

"እህ፣ ጎበዝ ናት እኮ!" አሉ ሻሚስ፤ ከኋላቸው ብዙ ፍየል ሲጮህ ይሰማል። "ግልገሏን እንዳትሸጫት። ሴት ናት።"

ሀምዲ ስልኩን ዘጋችና ፍየሏን አየቻት። ፍየሏም እያኘከች አየቻት። መጋረጃውን ከአፏ ጎትታ አስጣለቻት፣ ለሳብሪን የተረፈውን መለሰችላት፣ ግልገሏን በአንድ ክንዷ አቀፈችና እየተነጫነጨች ሣር ፍለጋ ወደ ገበያ ወጣች።